«የትምህርት ቤት ቦርድ ብቻ ሰጡኝ»፦ ለሲልቨር ስፕሪንጉ ጠያቂ

ጥያቄው እንዲህ ይላል።

«ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በ2023 ዜግነት ወሰድኩ። ቃለ መሐላ የፈጸምን ቀን እዚያው ፎርም ሞልቼ ለመራጭነት ተመዘገብኩ። በ2024 ሜይ ላይ ደስ ብሎኝ ልመርጥ ብሄድ የትምህርት ቤት ቦርድ ብቻ ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ጎረቤቴ ግን ፕሬዚዳንቱም ሴናተሩም ያለበት ተሰጠው። በስሜ ነው? አዲስ ዜጋ ስለሆንኩ ነው? በ2026 ደግሞ የገዥና የካውንቲ ምርጫ አለ ይላሉ። ለከንቲባስ የምንመርጠው መቼ ነው? ባለቤቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት፤ አንዳንድ ቦታ መምረጥ ትችላለች የሚባለው እውነት ነው? እናቴ ዜጋ ናቸው፣ እንግሊዝኛ ግን አያነቡም። እንዴት አድርገው ይመርጣሉ?»

ወንድሜ፣ በስምህም አይደለም፣ አዲስ ዜጋ በመሆንህም አይደለም። የሰጡህ ወረቀት ትክክለኛው ነው። ነገሩ ያለው የሞላኸው ፎርም ላይ፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው።

እኔ በዚሁ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ብዙ ምርጫ ላይ ጣቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ። «ኤሌክሽን ጃጅ» ይሉናል። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ሥራችን ስም መፈለግ፣ ወረቀት ማደልና ሰልፍ ማስተካከል ነው። ያንተን ፊት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ልጁን ይዞ፣ ፎቶ ሊነሳ ተዘጋጅቶ የመጣ ሐበሻ ግማሽ ገጽ ወረቀት ሲሰጡት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ።

የሜሪላንድ የምዝገባ ፎርም ስምና አድራሻ ከጠየቀህ በኋላ ፓርቲህን ይጠይቅሃል። ዴሞክራት፣ ሪፐብሊካን፣ ሌሎችም አሉ። አንዱ ምርጫ «አንአፊሊየትድ» ነው፣ የየትኛውም ፓርቲ ያልሆነ ማለት ነው። ልገምት? እሷ ላይ ምልክት አደረግህ፣ ወይም ጥያቄውን ባዶ አለፍከው። ባዶ ከተውከውም አንአፊሊየትድ ብለው ነው የሚመዘግቡህ።

በሜይ 2024 የሄድክበት ምርጫ ደግሞ ፕራይመሪ ነበር፣ ቀዳሚው ምርጫ። ፕራይመሪ ማለት ፓርቲዎቹ ለኖቬምበር ማንን እናሰልፍ ብለው ከራሳቸው ሰዎች መካከል የሚመርጡበት ነው። በሜሪላንድ ዴሞክራት ሆኖ የተመዘገበ የዴሞክራቶቹን ወረቀት ያገኛል፣ ሪፐብሊካኑም የራሱን። ፓርቲ የሌለው ሰው የሚደርሰው ፓርቲ የማይጠቀስበት ውድድር ብቻ ነው፣ ያም የትምህርት ቤት ቦርድ ነው። በኖቬምበር ግን ይሄ ሁሉ ይቀራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ይሰጠዋል፣ ያሻውንም ይመርጣል።

ለነገሩ ያቺንም ወረቀት አትናቃት። ለቦርዱ ወንበር ብዙ ሰው ሲወዳደር ወደ ኖቬምበር የሚያልፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ያስቀረኸው አንተና መሰሎችህ ናችሁ።

በነገራችን ላይ ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ዘመድ ካለህ በዚህ ጉዳይ አትጠይቀው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰው ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም። ገዥያቸውን የሚመርጡትም በጎዶሎ ዓመት ነው፣ የመጨረሻውን በ2025 መርጠዋል። የእኛ በ2022 ነበር፣ ቀጣዩ በ2026 ነው። የምርጫ ሕግ እዚህ አገር በየስቴቱ ይለያያል። ሎስ አንጀለስ ያለ ጓደኛህ በስልክ የሚነግርህም ለሎስ አንጀለስ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ሳጥኗ ልመለስ፣ ትልቁ ነገር እሱ ስለሆነ። የእኛ ሰው ለምን እዚያ ላይ ሲደርስ እጁ እንደሚያመነታ አውቃለሁ። በኢሕአፓና በመኢሶን ዘመን ወጣት የነበረ ሰው «ፓርቲ ምረጥ» ሲባል ቢሳቀቅ አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲህ ያደገውም ቢሆን ፓርቲ ሲባል የሚታየው መዋጮ፣ ስብሰባ፣ ግምገማ፣ አንድ ለአምስት ነው። «ሰላም ሆኜ ልኑር፣ አልገባበትም» ይልና አንአፊሊየትድ ላይ ጭረት ያደርጋል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ኋላ መጥተው ቢጠይቁኝስ?» ብለውኛል።

እዚህ ፎርም ላይ ፓርቲ መምረጥ እንደዚያ አይደለም። መታወቂያ አይሰጥህም። መዋጮ የለም። ስብሰባ አይጠሩህም፣ ብትቀርም የሚገመግምህ የለም። ዴሞክራት ብለህ ተመዝግበህ በኖቬምበር ሪፐብሊካን ብትመርጥ፣ ወይም በተገላቢጦሽ፣ ማንም አያውቅም፣ ማንም አይከለክልህም። እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር አለ፦ ፓርቲህ የመራጮች ዝርዝር ላይ ይታያል፣ ዝርዝሩንም የምርጫ ዘመቻ የሚያካሂዱ ሰዎች ያገኙታል። ጣጣው በፕራይመሪው ሰሞን የፖስታ ሳጥንህ በተወዳዳሪዎች ፎቶ መሞላቱ ነው። ማንን እንደመረጥክ ግን ምስጢር ነው።

ይህን ያህል ያደከምኩህ ለምን መሰለህ? ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ዴሞክራቶች በጣም ይበዛሉ። ካውንቲው ምክር ቤት ሪፐብሊካን ከተቀመጠበት ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ የካውንቲው ሥልጣን በአብዛኛው የሚወሰነው በኖቬምበር ሳይሆን በፕራይመሪው ነው። በ2018 ለካውንቲ ኤግዚኪዩቲቭ፣ ማለትም ለካውንቲው አስተዳዳሪ፣ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነው። ሰባ ሰባት! ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱ ሰዎች እንደገና ተገናኙ። ድምፅ ዳግመኛ ተቆጥሮ በ2022 ኤልሪች በ32 ድምፅ ብቻ በለጡ። ካውንቲው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው። 32 ሰው ደግሞ አንድ ክርስትና ላይ ድንኳን ሳይሞላ የሚገኝ ሰው ነው።

በስቴት ደረጃ ግን እንዲህ ያለቀለት አይደለም። ላሪ ሆጋን ሪፐብሊካን ሆነው በ2014 እና በ2018 ለገዥነት ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል። በ2022 ያሸነፉት ዌስ ሙር ዴሞክራት ናቸው፣ የሜሪላንድ የመጀመሪያው ጥቁር ገዥም ናቸው።

የትኛውን ፓርቲ ምረጥ አልልህም፣ ያ ያንተ ነው። አንአፊሊየትድ ሆኖ መቆየትም መብት ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ግን እዚህ ካውንቲ ለሚኖር ሰው ያከስራል። መለወጥ ከፈለግህ በስቴቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በመንጃ ፈቃድህ ቁጥር ትገባለህ፣ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ቀኑ ግን አለው፦ ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት መለወጥ አለብህ። ከዚያ በኋላ እንደተመዘገብክ ነህ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ጭራሽ ተመዝግቦ የማያውቅ ዜጋ በምርጫው ቀን ራሱ የአድራሻ ማስረጃ ይዞ ቢመጣ እዚያው ይመዘገባል፣ ፓርቲም ይመርጣል፣ ሙሉ ወረቀት ይሰጠዋል። ቀድመህ የተመዘገብከው አንተ ግን የዚያን ቀን ፓርቲ ልለውጥ ብትል አይቻልም። እኔ ራሴ ጣቢያ ውስጥ ለሰው ሳስረዳ አፍራለሁ። ሕጉ ግን እንደዚያ ነው።

በ2026 ምን ምን አለ? ፕራይመሪው በጁን ነው፣ ጠቅላላው ምርጫ ኖቬምበር 3። ወረቀቱ ይረዝማል፣ አትደንግጥ። ከላይ የስቴቱ ሰዎች ናቸው፦ ገዥና ምክትል ገዥ በአንድ ላይ፣ ዋናው ዐቃቤ ሕግ፣ የስቴቱን ገንዘብና ግብር የሚሰበስበው ኮምፕትሮለር። ከዚያ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ፣ አናፖሊስ የሚሄዱት የሕግ አውጪዎች አሉ። ሜሪላንድ 47 የምርጫ ክልል አላት፣ እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌት፣ ማለትም የታችኛው ምክር ቤት አባል፣ ይልካል። በዓመት 90 ቀን ነው የሚሰበሰቡት፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 15 ዶላር የሆነው እዚያ በወጣ ሕግ ነው።

ከዚያ ካውንቲው ይመጣል። አሁን ስለ ከንቲባህ ልንገርህ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም። ከተማ ይመስላል፣ ፎቁ አለ፣ ሜትሮው አለ፣ የእኛም ምግብ ቤቶች አሉ። በሕግ ግን ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት የለውም። ለመንገዱም፣ ለቆሻሻውም፣ ለፖሊሱም የምትሄደው ወደ ካውንቲው ነው። የእናንተ «ከንቲባ» በሥራው የካውንቲው ኤግዚኪዩቲቭ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ አሥር ዓመት ይኖራል።

ኤልሪች በ2026 ለዚያ ቦታ አይወዳደሩም። በኖቬምበር 2024 መራጩ የኤግዚኪዩቲቩን ዘመን በሁለት ጊዜ ስለገደበው ወንበሩ ክፍት ነው። ያ ጥያቄ በወረቀቱ መጨረሻ ላይ ነበር። ብዙ ሰው ፕሬዚዳንቱን መርጦ ሳያነበው ያልፈዋል።

የካውንቲው ምክር ቤት 11 አባላት አሉት። ድሮ 9 ነበሩ፣ በ2020 በሕዝበ ውሳኔ ነው የጨመሩት። ሰባቱ እያንዳንዳቸው ከአንድ ወረዳ ናቸው፣ አራቱ መላውን ካውንቲ ይወክላሉ። ስለዚህ አንተ የምትመርጠው አምስት ሰው ነው፦ አንዱን ለወረዳህ፣ አራቱን ለካውንቲው። አራቱ ላይ ሰው ይሳሳታል። «እስከ አራት ምረጥ» ይላል። ሁለት ብቻ ብታጠቁር ችግር የለም። አምስት ካጠቆርክ ግን የዚያ ውድድር ድምፅህ አይቆጠርም። ወረቀቱን የሚያነበው ማሽን፣ ስካነሩ፣ ያስጠነቅቅሃል፣ ያኔ አዲስ ወረቀት ጠይቅ። «ተሳሳትኩ» ማለት ነውር አይደለም፣ የተበላሸውን ተቀብለን ሌላ እንሰጥሃለን።

እነዚህ 11 ሰዎች ምን ይሠራሉ ካልከኝ፣ ኪራይህን ተመልከት። በጁላይ 2023 የኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ ያበጁት እነሱ ናቸው። ሕጉ ለሚመለከታቸው ቤቶች ባለቤቱ በዓመት ከ6 ከመቶ በላይ መጨመር አይችልም፣ የዋጋ ንረቱ ዝቅ ካለ ጣሪያውም ዝቅ ይላል። አዳዲስ ሕንጻዎችን አይነካም፣ እና በዚህ ላይ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። አከራይ የሆነው ሐበሻ አንድ ዓይነት ያወራል፣ ተከራዩ ሌላ። ሁለቱም የሚናደዱባቸው ሰዎች ግን የሚመረጡት በዚህ ወረቀት ነው። ራይድ ኦን አውቶቡስ በ2025 ነፃ የሆነውም በካውንቲው ውሳኔ ነው፣ እናትህ ያውቁታል።

ካውንቲ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ ሲያትልን ይመልከት። በ2025 ሲያትል ያለችበት የኪንግ ካውንቲ ኤግዚኪዩቲቭ ሆኖ የተመረጠው ግርማይ ዛሂላይ ነው፣ ከኢትዮጵያ ተሰደው በወጡ ወላጆች ሱዳን ውስጥ የተወለደ የእኛው ልጅ።

ከዚያ በኋላ ሸሪፍ አለ፣ የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ አለ፣ የኑዛዜ መዝጋቢ ሳይቀር ይመረጣል። ኑዛዜ መዝጋቢን በምርጫ! መጀመሪያ ሳይ ሳቄ መጣ። ቤት ጥሎ የሞተ ዘመድ ያለው ሰው ግን ያ ቢሮ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዳኞችም አሉ። ለላይኞቹ ፍርድ ቤቶች ዳኞች የሚቀርብልህ «ይቀጥሉ? አዎ ወይስ አይ» የሚል ነው፣ ተወዳዳሪ የለባቸውም።

የትምህርት ቤት ቦርዱ ስምንት አባላት አሉት። ሰባቱን እኛ እንመርጣለን፣ በየሁለት ዓመቱ የተወሰኑትን። ስምንተኛው ተማሪ ነው፣ የሚመርጡትም የሚድል ስኩልና የሃይ ስኩል ተማሪዎች ናቸው። ልጅህ እዚያ ከደረሰች ካንተ በፊት መርጣ ሊሆን ይችላል፣ ጠይቃት።

ወረቀቱን ስትገለብጥ ደግሞ ከጀርባው ጥያቄዎች ሊኖሩ ይችላሉ፣ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የሚባሉ። በ2022 የማሪዋና ሕጋዊነት በሜሪላንድ የተወሰነው እንደዚህ ባለ ጥያቄ ነው። አደራ፣ ወረቀቱን ገልብጥ። ጀርባው ባዶ የሆነ ወረቀት ወደ ስካነሩ ሲገባ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ ባለቤትህ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ለፕሬዚዳንት፣ ለኮንግረስ፣ ለገዥ፣ ለካውንቲ፣ ለትምህርት ቤት ቦርድ፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሜሪላንድ ውስጥ አይመርጥም። የሰማችው ነገር ግን ከአየር አልመጣም። ከእናንተ ጥግ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን ለራሷ ከንቲባና ምክር ቤት እንዲመርጡ ትፈቅዳለች። ከ2013 ወዲህ የ16 ዓመት ልጅም ይመርጣል። የከተማዋ መዝገብ ከስቴቱ መዝገብ የተለየ ነው። ሌሎች ጥቂት ትናንሽ የሜሪላንድ ከተሞችም እንደዚህ ያደርጋሉ። ዲሲም ለአካባቢ ምርጫዋ ፈቅዳ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች መርጠዋል። እናንተ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ናችሁ፣ ከንቲባም የላችሁም። ስለዚህ ለእሷ መልሱ «አትችልም» ነው።

ዛሬ ሳይሆን ነገ ታኮማ ፓርክ ብትገቡስ? ያኔም ከመመዝገቧ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታማክር። የዜግነት ማመልከቻው ፎርም ለምርጫ ተመዝግባ ወይም መርጣ እንደሆነ ይጠይቃታል፣ ምን ብላ እንደምትመልስ ቀድማ ማወቅ አለባት።

ዋናው አደጋ ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ኤም ቪ ኤ፣ የመንጃ ፈቃድ ቢሮው። መንጃ ፈቃድ ስታሳድስ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል፣ ማሽኑም ይጠይቃል። «ዜጋ ነሽ?» ለሚለው በችኮላ «የስ» ካለች በኋላ «አልገባኝም ነበር» ማለት ብዙ አያድንም። ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለትና መምረጥ እስር አለው፣ ከአገር ማስወጣትም አለው፣ ዜግነትንም ለዘለቄታው ሊያስቀር ይችላል። ሳፍዌይ ሱፐርማርኬት በር ላይ ክሊፕቦርድ ይዘው «ተመዝገቡ» የሚሉ ወጣቶችም አሉ። ደጎች ናቸው፣ ወረቀቷን ግን አያውቁም። «ዜጋ አይደለሁም» ብላ ትለፍ። ድንገት በስህተት ተመዝግባ ከሆነም ዝም አትበሉ፣ ሳትመርጥ ጠበቃ ጋ ሂዱ።

አሁን እናትህ። ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነው።

በፌዴራል የመራጮች መብት ሕግ መሠረት ማንበብ ያልቻለ ወይም የዓይን ችግር ያለበት ሰው ራሱ የመረጠውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። ረዳቱ የመራጩ አሠሪ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው መሆን የለበትም። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት ይሆናል። አንተ አብረሃቸው ገብተህ አጭር ቅጽ ትፈርማለህ፣ ከዚያ ወረቀቱን ታነብላቸዋለህ። እሳቸው ያሉህን ታጠቁራለህ። ያሉህን ብያለሁ። እናትና ልጅ ዳሱ ውስጥ ቆመው ሲከራከሩ ሰምቼ አውቃለሁ። «እማዬ፣ እሱን አይደለም» ይላል ልጁ፣ እናትየው «አንተ ምን አገባህ፣ እሱን አድርግ» ይላሉ። እናትየው ናቸው ልክ።

ወረቀቱ በአማርኛ ለምን እንደማይመጣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሞንትጎመሪ ውስጥ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ቋንቋ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የሚዘረዝረው ስፓኒሽን፣ የእስያን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ነው። የአፍሪካ ቋንቋ ውስጡ የለም፣ ቁጥራችን የፈለገውን ያህል ቢሆን። ዲሲ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ ስላወጣች የመራጭ መረጃ በአማርኛ ታወጣለች። ያን ለእናትህ ለልምምድ ልታሳያቸው ትችላለህ፣ የዲሲ ውድድር መሆኑን ግን ንገራቸው፣ ኋላ «የታሉ እነዚያ ሰዎች?» እንዳይሉ።

ከምርጫው በፊት የናሙና ወረቀት በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል። አትጣሉት። ቡና እየተጠጣ እሱ ላይ ተቀመጡ። ማን ማን እንደሆነ በአማርኛ ጎኑ ላይ ጻፍላቸውና ይዘውት ይግቡ፣ ወረቀት ይዞ መግባት ይቻላል። ስልክ ግን ውስጥ አይፈቀድም፣ የሚመርጧቸውን ሰዎች ስልካቸው ላይ ጽፈው የሚመጡ ሰዎች ሁልጊዜ በር ላይ ይደናገጣሉ። ሌላም አለ። ስትደርሱ ከመስመሩ ውጭ ወረቀት የሚያድሉ ሰዎች ይከቧችኋል። አንደኛው በፖም ቅርጽ የተቆረጠ ነው፣ የመምህራኑ ማኅበር የሚደግፋቸው ሰዎች ዝርዝር። መንግሥት የሚሰጠው ወረቀት እንዳይመስላቸው። ከወደዱት ይጠቀሙበት፣ ካልወደዱት ኪሳቸው ይክተቱት።

በምርጫው ቀን ባይሄዱም ይሻላል። ቀደም ብሎ መምረጥ ለስምንት ቀን አለ፣ ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት ሐሙስ ያበቃል። በዚያን ጊዜ ካውንቲው ውስጥ ባለ ማናቸውም የቅድመ ምርጫ ማዕከል መሄድ ይቻላል። በምርጫው ቀን ግን የተመደበላችሁ ጣቢያ ብቻ ነው። ሰዓቱ በእኛ ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 2፣ በእነሱ ከ7 እስከ 8። መዝጊያው ሲደርስ ሰልፍ ላይ ከነበሩ ይመርጣሉ፣ ማንም አይመልሳቸውም።

በፖስታም ይሆናል፣ ምክንያት አያስፈልግም። ፖስታው ላይ ያለውን ፊርማ እንዳይረሱ። ብዙ የፖስታ ድምፅ የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ቦርዱ ደውሎ «አልፈረሙም» ሊላቸው ይችላል፣ ያልታወቀ ቁጥር ነው ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ። ሲሞላ በየሰፈሩ ወዳለው የድምፅ ሣጥን ራሳችሁ ውሰዱት።

ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኛው ሰው መታወቂያ አይጠየቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጡና በፖስታ የተመዘገቡ አንዳንዶች ይጠየቃሉ፣ ስለዚህ ይዘው ቢሄዱ አይጎዳም። የምንጠይቀው ስም፣ አድራሻና የትውልድ ወርና ቀን ነው። የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ፈረንጁ «ላስት ኔም» ሲል እናቶቻችን የራሳቸውን ስም ይላሉ። ኃይለ ማርያም አንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት። ተስፋዬ መጨረሻው ላይ «ኢ» ያለውና የሌለው አለ። ኮምፒውተሩ ደግሞ የጻፍክለትን ብቻ ነው የሚፈልገው። የዜግነት ወረቀታቸው ላይ እንዴት እንደተጻፈ በትልቁ ጻፍና ያዝላቸው።

አንድ ጊዜ ጠረጴዛዬ ፊት ነጠላ ያጣፉ እናት መጡ። በራሳቸው ስም ፈለግን፣ የለም። በአባታቸው ፈለግን፣ ሦስት ሰው ወጣ። «ልደትዎ መቼ ነው?» አልኳቸው በአማርኛ። ፊታቸው በራ፣ «በግንቦት ልደታ ማግስት» አሉኝ። ስክሪኑን አየሁት። «ወረቀቱ ላይ የሚለውን ይበሉኝ፣ እማማ።» ዝም አሉ፣ አሰቡ፣ ከዚያ በጣም እንደተሰላቹ «ጃንዋሪ 1» አሉ። ከሦስቱ የሁለቱም ልደት ጃንዋሪ 1 ነበር። በአድራሻቸው ለየናቸው።